ነጭ ነጥብ በጥቁር ሳንባ

ጥር 5 ቀን 2017፣ ሰኞ፣ ሃይደልበርግ

ጉም። ከድልድዩ ላይ የኔካር ወንዝ አይታይም፤ ይሰማል እንጂ። ትራሙ ዘገየ። ላቦራቶሪው ያለበት ኖየንሃይመር ፌልድ ስደርስ ጣቶቼ ደንዝዘው የበሩን ካርድ ከቦርሳ ማውጣት አቃተኝ።

ማትሪጄሉን ከፍሪዘር አውጥቼ በረዶ ላይ አስቀመጥኩት። ሌሊቱን በ4 ዲግሪ ይቀልጣል። ለብ ካለ አበቃለት፤ ፒፔቱ ውስጥ ይረጋና እዚያው ይቀራል። ስለዚህ ፒፔቱም፣ ጫፉም፣ ቱቦውም ቀድሞ መቀዝቀዝ አለበት። የሠራተኛው መቀዝቀዝ ግዴታ አይደለም፤ ዛሬ ሆነ እንጂ።

ማትሪጄል ራሱ የሚወጣው ከአይጥ ዕጢ ነው። ሴሎቻችን አገራቸው መስሏቸው እንዲያድጉ የምናነጥፍላቸው፣ ሌላ ዕጢ ለራሱ ያነጠፈውን ነው። በየሳምንቱ እነካዋለሁ፤ ይህን የማስበው አልፎ አልፎ።

አለቃዬ ስለ ውሉ ሊያነጋግረኝ ጀመረ፤ ስልክ ጠራውና ወጣ። የተወውን ዓረፍተ ነገር ቀኑን ሙሉ እኔ ስጨርስለት ዋልኩ። እዚህ አገር ተመራማሪ ከዶክትሬት በኋላ በጊዜያዊ ውል የሚቆየው በመሠረቱ 6 ዓመት ነው፤ ሕክምና ላይ ላሉት 9። ከ6ቱ ከግማሽ በላይ ሄዷል።

ጥር 11፣ እሑድ፣ ጥምቀት

ለበዓሉ ፍራንክፈርት ልሄድ ነበር። ሴሎቹ ዛሬ ተከፋፍለው ወደ አዲስ ሳህን ካልተዛወሩ ለረቡዕ አይደርሱም። ጠዋት ላቦራቶሪ፣ ከሰዓት ቤት።

ነጠላ ለብሼ ቡና አፈላሁ። በእጣኑ የጭስ ማንቂያው ጮኸ። የላይኛው ፎቅ ሽማግሌ ወረዱ። "እሳት ነው?" "በዓል ነው" አልኳቸው። አንድ ስኒ ጠጡ። ሁለተኛውን እምቢ አሉ። ሦስተኛ እንዳለው አልነገርኳቸውም።

እማዬ ደወለች። ደሴም ብርድ ነው አለች። የታችኛው ግቢ እትዬ ጡታቸው ላይ እብጠት ከወጣ ቆይቷል፤ ለሰው አልተናገሩም። አሁን ቆዳው ወደ ውስጥ ገብቷል። ናሙና ሰጥተው ውጤት ይጠብቃሉ።

"አንቺ ይህንን አይደል የምታጠኚው?"

"የአይጥ ነው እማዬ።"

"አይጥንም ይይዘዋል?"

ይይዘዋል አልኩ። እኛ ነን የምናስይዘው የሚለውን ለበዓል ቀን አላልኩትም።

ጥር 14፣ ረቡዕ

የመውጊያ ቀን። ሴሉ 4ቲ1። ዲትሮይት ውስጥ ከአይጥ የጡት ዕጢ የተገኘ ነው። ጡት ላይ ይወጋል፤ ከዚያ ማንም ሳይመራው ወደ ሳንባ፣ ወደ ጉበት፣ ወደ አጥንት፣ ወደ አንጎል ይሄዳል። የሚፈለገውም ለዚህ ነው። ብዙ የካንሰር ሴሎች ደም ሥር ውስጥ ካልተጨመሩ በራሳቸው አይሰራጩም።

አይጧ በማደንዘዣ ጋዝ ተኝታለች። ከኋላ እግሯ ከፍ ብሎ አራተኛው ጡት። ቆዳው ትንሽ ሲከፈት ስቡ ነጭ ሆኖ ይታያል፤ በላዩ ላይ ቀጭን የደም ሥር ያልፋል። መርፌው ስቡ ውስጥ ሲገባ አንድ ትንሽ ጉብታ መነሳት አለበት። ካልተነሳ ፈሳሹ ሌላ ቦታ ሄዷል። ጉብታው እስኪነሳ አልተነፍስም። የማስተርስ ተማሪው ከጎኔ ቆሞ "መተንፈስ ይፈቀዳል" አለኝ።

ከሰዓት ሁሉም ነቅተዋል። ወረቀቱን እየቦጨቁ ጎጇቸውን ይሠራሉ።

ጥር 23፣ አርብ

ይዳሰሳል። ከቆዳ ሥር ትንሽ ጠጣር ነገር።

ከዛሬ ጀምሮ የግማሾቹ ኬጆች ውኃ መድኃኒት አለው። ባፕን ይባላል። የኮላጅን ክሮችን እርስ በርስ የሚያስተሳስር ኤንዛይም አለ፤ ሊዚል ኦክሲዴዝ። ባፕን እሱን ያግዳል። ክሩ ካልተሳሰረ የዕጢው ዙሪያ አይጠጥርም። ካልጠጠረስ? ሴሉ መውጫ ያጣል ወይስ ያገኛል? ሁለቱንም የሚሉ አሉ። እኔ ያጣል ብዬ ነው የጀመርኩት።

ባፕን ከየት እንደተገኘ ለተማሪው ስነግረው አላመነኝም። ከአበባ አተር ዘር። የጓያ ዘመድ። ይህን ዘር የበላ የላቦራቶሪ አይጥ አጥንቱ ይጣመማል፣ ትልቁ የደም ሥሩ ሳስቶ ይፈነዳል። ምክንያቱ ሲፈለግ ነው ኮላጅን እንዴት እንደሚተሳሰር የተደረሰበት።

የእኛ ጓያ መርዙ ሌላ ነው፤ አጥንትን ትቶ ነርቭ ይመታል። ቤተሰቡ ግን አንድ። አጎቴ ያለበት ደላንታ በሁለት ዱላ የሚሄዱ ሰዎች አውቃለሁ። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ዝናብ ሲጠፋ ሌላው እህል ደርቆ ጓያ ቆመ። እሱን በሉ። ልጅ ሆነን ክረምት ስንሄድ ጓያ በተጣደበት ማድቤት አያስደርሱንም ነበር፤ እንፋሎቱም ይሰብራል ይባላል። እንፋሎቱ አይሰብርም። ዛሬ ጠርሙሱ ላይ ስሙን ስጽፍ ግን እጄ ቆመ።

ጥር 27፣ ማክሰኞ

የዓለም የካንሰር ቀን። መግቢያው ላይ ፖስተርና ነፃ ፖም።

በቴሌግራም ፎቶ መጣ። የእትዬ የፓቶሎጂ ውጤት። ላኪዋ ልጃቸው ናት። "እታለም፣ እንደምን አለሽልኝ፣ ይቅርታ አስቸገርኩሽ፣ ምን እንደሚል ንገሪኝ።" ወረቀቱ ተጣጥፎ ስለኖረ እጥፋቱ ላይ ያለው መስመር አይነበብም። የዕጢው ዓይነት። መጠኑ። ደረጃው። መጨረሻ ላይ ግማሽ መስመር፦ ዕጢውን ጠጣር የፋይበር ሕብረ ሕዋስ ከቦታል።

ግማሽ መስመር። ደመወዝ የሚከፈለኝ ለእሷ ነው። ፓቶሎጂስቱን አልወቅስም፤ ያ ግማሽ መስመር ለእትዬ ሕክምና ዛሬ የሚቀይረው ነገር የለም።

የሚቀይረው መስመር ደግሞ ወረቀቱ ላይ የለም። የሆርሞን ተቀባይ ምርመራ። ጥቁር አንበሳ ከታከሙ ሴቶች የተወሰዱ ናሙናዎች እዚሁ ጀርመን ካለው የሃለ ዩኒቨርሲቲ ጋር ተጠንተው ከግማሽ በላዩ ተቀባይ ያለው ሆኖ ተገኝቷል። ተቀባይ ካለ ታሞክሲፌን አለ። ክኒን ነው፤ ከሌሎቹ ጋር ሲነጻጸር ርካሽ ነው።

መልስ ጻፍኩ፣ አጠፋሁ፣ ጻፍኩ። "የምታክማቸውን ሐኪም የሆርሞን ተቀባይ ምርመራ ይሠራ እንደሆነ ጠይቂያት። ናሙናው ያለበት የሰም ብሎክ እንዳይጣል።" ሁለት ጊዜ "እሺ እታለም" አለች። የምትፈልገው ሌላ ነበር። ይድናሉ ወይ ነበር።

ማታ። 4ቲ1 ተቀባይ የለውም፤ ሦስቱም ኔጌቲቭ ከሚባለው ወገን ነው። የእትዬ የዚያ ዓይነት ላይሆን ይችላል። የገንዘብ ማመልከቻ ስጽፍ ይህን ልዩነት በአንድ ሐረግ ነው የማልፈው። ሁላችንም እንደዚያ ነን።

የካቲት 4፣ ማክሰኞ

ዝናብ። አይጦቹ ይጠጣሉ። ጠርሙስ መመዘን።

የድሮውን ጽሑፍ እንደገና አነበብኩት። ስቲፈን ፔጀት፣ ላንሴት፣ እ.ኤ.አ. 1889። በጡት ካንሰር የሞቱ 735 ሴቶች መዝገብ። 241ዱ ጉበታቸው ላይ ካንሰር ነበረባቸው። ጣፊያቸው ላይ የነበረባቸው 17 ናቸው። ደም ሁለቱም ጋ ይደርሳል። እንግዲያው የደም መንገድ ብቻውን አይበቃም፤ ዘር በየአቅጣጫው ቢበተንም የሚበቅለው የሚስማማው መሬት ላይ ነው አለ። መዝገብ ማገላበጥ ብቻ ነው የሠራው። ከዚያ ለረጅም ጊዜ ብዙም የሰማው አልነበረም። ጄምስ ዩዊንግ እ.ኤ.አ. በ1928 ነገሩ የደም ፍሰትና የቧንቧ ጉዳይ ነው አለ፤ ዓለም እሱን ተከተለ። አይዛያ ፊድለር ጨረር የሚያወጣ ምልክት ያደረገባቸውን የሜላኖማ ሴሎች አይጥ ደም ውስጥ ከቶ ሲከታተል፣ ከ24 ሰዓት በኋላ በሕይወት ያሉት ከ0.1 በመቶ በታች ሆኑ። ደም ውስጥ መግባት ቀላሉ ነው። መድረስም እንደዚያው። መኖር ነው ያቃታቸው።

አጎቴ ወገል ጤና ገበያ ወጥቶ ኖሮ ኔትወርክ አገኘ። ሥራዬን ጠየቀኝ። ዘርና መሬት አልኩት፤ ወዲያው ገባው። በዚያ አልቆምኩም። ኒውዮርክ እ.ኤ.አ. በ2005 የታየውን ነገርኩት፦ ዕጢው ገና ካለበት ሳይነቃነቅ ከመቅኔ የሚነሱ ሴሎች ሳንባ ደርሰው ቦታውን ያሰናዳሉ።

ሳቀብኝ። "አንቺ ልጅ፣ ዘር ጎተራ ተቀምጦ መሬት ያሳርሳል? እንዲህ ያለውስ ባላባት ነው።"

ይህን የሚያህል ማጠቃለያ የትኛውም ስብሰባ ላይ አልሰማሁም። ለአለቃዬ ልተረጉምለት ሞከርኩ፤ ባላባቱ ጋ ስደርስ ቀዘቀዘ።

የካቲት 16፣ እሑድ፣ ቅበላ

ጀርመኖቹ እየመረጡ ነው። የእኔ ዓይነቱ ሰው ጉዳይ በየምሰሶው ተሰቅሏል። ድምፅ የለኝም። ትምህርት ቤቱ በር ላይ ተሰልፈው አየኋቸው፤ ውሻ የያዘ፣ ሕፃን ያዘለ።

አይጥ ቤት። እሑድም ይታያሉ። ሚዛን፣ ካሊፐር፣ የነጥብ ወረቀት። አንዷ ፀጉሯ ቆሟል፣ ጀርባዋ ጎብጧል። ነጥብ ሰጠኋት። አንድ ነጥብ ከጨመረች ሳትሰቃይ ትሸኛለች፤ ሕጉም ህሊናም እዚህ ላይ ይስማማሉ።

ማታ ጣሊያኗ ባልደረባዬ ጋ። ጥብስ እኔ፣ ወይን እሷ። ከነገ ጀምሮ 55 ቀን ሥጋም ወተትም እንደማልነካ ስነግራት "ታዲያ ምን ቀረሽ?" አለችኝ። ሽሮ ለማስረዳት ሞከርኩ።

የካቲት 20፣ ሐሙስ

የሙከራው መጨረሻ ቀን። ሥጋ በማልበላበት ሳምንት ቀኑን ሙሉ ሥጋ ስቆርጥ ዋልኩ።

ባፕን የጠጡት ዕጢዎች ለስላሳ ናቸው። መቀሱ ሲገባ እጅ ያውቀዋል። ውኃ ብቻ የጠጡት ይንኮሻኮሻሉ። መጠናቸውም ትንሽ ያነሰ መሰለኝ። ደስ አለኝ። ደስታዬን እዚህ ላስፍር፤ የላቦራቶሪ መዝገብ ላይ ለእንዲህ ያለ ነገር ዓምድ የለም።

ከዚያ ሳንባ። በአየር ቧንቧው ቀጭን ቱቦ ይገባል፤ ጥቁር ቀለም በቀስታ ይገፋል። ሳንባው ይነፋል። ሮዝ የነበረው ከሥሩ ጀምሮ እየጠቆረ ጫፉ ድረስ ይሄዳል። ቧንቧው ይታሰራል፣ ይታጠባል፣ አልኮልና ፎርማሊን አሴቲክ አሲድም ያለበት ፈሳሽ ውስጥ ይገባል። ኮምጣጤ ይሸታል። ቆይቶ ጤነኛው ሳንባ ጥቁር እንደሆነ ይቀራል፤ ካንሰሩ ያለበት ቀለሙን አይዝም፣ ነጭ ይሆናል። ማንም በዓይኑ ሊቆጥረው ይችላል። ከምንሠራቸው ነገሮች ሁሉ ለእማዬ በስልክ ላስረዳት የምችለው ይህን ብቻ ነው።

የቀሩት ሳንባዎች ተከትፈው፣ በኤንዛይም ሟምተው፣ 6-ቲዮጓኒን ያለበት ሳህን ላይ። ይህ መድኃኒት የአይጧን የራሷን ሴሎች ይገድላል። 4ቲ1 ይቋቋመዋል። ሳህኑ ላይ የተረፈ ሁሉ ከጡት ተነስቶ የመጣ መንገደኛ ነው።

ማታ እጄ እጣን ሳይሆን ፎርማሊን ሸተተ። ሁለት ጊዜ ታጠብኩ።

የካቲት 28፣ አርብ

ተማሪው ቆጠረ፣ እኔም ቆጠርኩ፤ የትኛው የማን እንደሆነ ሁለታችንም ሳናውቅ። ከሰዓት ኮዱን ከፈትነው።

ባፕን ከጠጡት አብዛኞቹ፦ ጥቁር ሳንባ፣ እዚህም እዚያም ነጥብ። የጠበቅሁት።

ጥቂቶቹ ግን ነጭ በነጭ። ነጥብ በነጥብ ላይ ተነባብሮ ለመቁጠር የሚያስቸግር። ውኃ ብቻ ከጠጡት ከየትኛቸውም የባሰ።

አማካዩ ሲወሰድ ልዩነት የለም። አማካዩን ብቻ ያየ ሰው "ምንም አልሆነም" ብሎ ያልፋል። ምንም አልሆነም ማለት አይቻልም።

ምሳ ረሳሁ። ፀሐይ ወጥታ ነበር መሰለኝ።

መጋቢት 3፣ ረቡዕ

ሳህኖቹ ላይ ሰማያዊ ቀለም ፈሰሰ፤ የሴል ኮሎኒዎቹ ወጡ። ያው ነው። አብዛኛው ጥቂት፣ ጥቂቱ እጅግ ብዙ። ሁለት የተለያየ ዘዴ አንድ ነገር ሲናገር ዘዴውን መጠርጠር ይከብዳል። እጠረጥራለሁ ግን።

ስብሰባ። አለቃዬ፦ "እነዚያ ሳይጠጡ ቀርተው ቢሆንስ?" የጠርሙሱ ክብደት ያን አይልም። ነገር ግን አንድ ጠርሙስ ለአንድ ኬጅ ነው፤ ከመካከላቸው ማን ብዙ፣ ማን ትንሽ እንደጠጣ ጠርሙሱ አይናገርም። ደግሞስ ሳይጠጡ ቀሩ እንበል፤ ያኔ ውኃ ብቻ የጠጡትን ይመስሉ ነበር እንጂ ለምን ይብሳሉ?

አንዱ "ያፈነገጡትን አውጥታችሁ አስሉትና እዩት" አለ። ማንም እሺም እምቢም አላለም። ቡና ቀርቦ ነበር፤ ሁሉም ስኒው ውስጥ ገባ።

እኔ የሚመስለኝ ውጤቱ ያፈነገጡት ናቸው። ይህን ማለት የፈለግሁት እውነት ስለሆነ ነው ወይስ የቀረው ስለሚያሰለቸኝ? አላውቅም።

መጋቢት 10፣ ረቡዕ

ማይክሮስኮፕ። ጨለማ ክፍል፣ ማራገቢያው ብቻ ይጮኻል። ኮላጅን ለሌዘሩ ቀለም አያስፈልገውም፤ ራሱ ብርሃን ይመልሳል።

ውኃ ብቻ የጠጣች፦ ክሮቹ ወፍራምና ቀጥ ያሉ፣ ከዕጢው ጠርዝ ወደ ውጭ ተሰልፈዋል። ሴሎች በክሩ ላይ ይሄዳሉ የሚባለው ይህንን ነው።

ባፕን የጠጣች፦ ክሩ ቀጭን፣ የተጠማዘዘ፣ አቅጣጫ የለውም። እስከዚህ ጥሩ።

ከዚያ ሳንባቸው ነጭ ከሆነው የአንዷ ዕጢ። ክሩ ያው ቀጭን ነው። ልዩነቱ ደም ሥሮቹ ላይ። የሌሎቹ ተጨፍልቀው መስመር ሆነዋል፤ የእሷ አፋቸውን ከፍተዋል። ክፍት ክብ፣ ክፍት ክብ። አጠገባቸው ማክሮፌጅ የሚባሉት የመከላከያ ሴሎች ተኮልኩለዋል።

ቦስተን የራኬሽ ጄይን ቡድን እ.ኤ.አ. በ2013 አሳይቶታል፦ የደም ግፊት ክኒኑ ሎሳርታን የዕጢውን ዙሪያ ሲያላላው የተጨፈለቁት ደም ሥሮች ይከፈታሉ፤ ኬሞቴራፒው በደንብ ይገባል። ጥሩ ዜና ነበር፣ ነውም። ግን በር ተከፍቶ መግባት ብቻ አለ እንዴ? እኔ ኬሞቴራፒ አልሰጠሁም። የሚገባ መድኃኒት በሌለበት በሩን ብቻ ከፍቼ ይሆናል።

ወይም ያየሁት የአንድ ዕጢ የአንድ ጥግ ነገር ነው። ነገ የሌሎቹን። ተስፋ ከማድረጌ በፊት ልተኛ።

መጋቢት 21፣ እሑድ

ሰዓት ተቀየረ። ከደሴ ጋር የአንድ ሰዓት ልዩነት ብቻ ቀረን። ዛፎቹ አብበዋል፤ ጾሙ አላለቀም።

የሌሎቹ ዕጢዎች፦ ሁሉም አይደሉም። ሳንባቸው ነጭ ከሆኑት ከአንዷ በቀር ደም ሥራቸው ክፍት ነው። ሳንባቸው ጥቁር ከሆኑትም ክፍት ያለው አለ። ታሪኩ ልክ የለበሰ መስሎኝ ነበር፤ እጅጌው አጠረ።

ለእትዬ ልጅ ደወልኩ። ምርመራው ደሴ አልተሠራም፤ ብሎኩ አዲስ አበባ ተልኳል። ኬሞ ጀምረዋል፤ ፀጉራቸው ሳይረግፍ ራሳቸው ተላጩት። ሻሽ እንደ ድሮው። "ማን ያውቅብኛል" ብለው ሳቁ አለች። ስልኩን ሰጠቻቸው። ስለ ሕመማቸው አንድም ቃል አልተነፈሱም። የማንን ልጅ እንዳገባሁ ጠየቁኝ።

"ገና ነኝ እትዬ።"

"አይጡን ትተሽ ሰው ፈልጊ።"

መጋቢት 26፣ አርብ

የመኸሩ ጉባኤ አጭር ጽሑፍ ሰኞ ይላካል። አለቃዬ ርዕሱን ራሱ ጻፈው፤ ስለ ዕጢው መለስለስ ብቻ ነው። ትክክል ነው፤ ለስልሷል። ሳንባዎቹን በሚቀጥለው ዓመት እንነግራቸዋለን ይላል። ክፋት የለውም። ገንዘብ የሚገኘው በምን እንደሆነ ያውቃል።

እኔ የማስበው ከእኛ በፊት ያለሰለሱትን ነው። ጣፊያ አጠገብ ያለው ቆሽት፣ የጠጣር ዕጢ አለቃ። ዙሪያውን የሚገነቡትን ሴሎች ምልክት የሚቆርጥ መድኃኒት በአይጥ ላይ ተአምር ሠራ፤ በሰው ላይ የተሞከረው እ.ኤ.አ. በ2012 ተቋረጠ፤ መድኃኒቱን የወሰዱት ከሌሎቹ ባሱ። ሁለት ዓመት ቆይቶ አይጥ ላይ እነዚያን ገንቢ ሴሎች፣ ፋይብሮብላስቶቹን፣ ያጠፉ ሰዎች ዕጢው አውሬ ሆኖ አገኙት። በዚያው በ2014 ደግሞ ከባዝል፦ ማክሮፌጅ የሚጠራውን ሲሲኤል2 ሲያግዱት የጡት ካንሰር ሥርጭት ቀነሰ፤ ማገዱን ሲያቆሙት ካልታከሙት በላይ ፈጠነ።

ያ ከበባ ይመግበዋል፤ አጥሮም ይይዘዋል። የትኛውን መቼ እንደሚያደርግ ነው ነገሩ። ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ቢሆንስ፣ በአንድ ዕጢ በተለያየ ጥግ?

ርዕሱን አልቀየርኩትም። መጨረሻው ላይ ግን አንድ ዓረፍተ ነገር ጨመርኩ፤ የሳንባው ውጤት በአይጦቹ መካከል ተራርቋል የሚል። ተቀይሞ ሳይሆን ደክሞት አየኝ። አላጠፋትም።

ሚያዝያ 7፣ ማክሰኞ፣ ሰሞነ ሕማማት

ውሉ ለአንድ ዓመት ታደሰ። እንኳን ደስ ያለሽ ተባልኩ። አንድ ዓመት ለእንዲህ ያለ ጥያቄ የአይጥ ፈቃዱን አስለውጦ፣ አይጦቹን አሳድጎ፣ ወግቶ፣ ጠብቆ፣ ቆጥሮ ያልቃል። መጻፊያው የለበትም።

የፈቃድ ማሻሻያ ቅጽ። ስንት አይጥ፣ ለምን ስንት፣ ባነሰ አይቻልም ወይ፣ ያለ እንስሳ አይቻልም ወይ። ሰዎች ያጉረመርማሉ። እኔ ቅጹን እወደዋለሁ ማለት ይከብደኛል፤ ግን ጥያቄዎቹ ተገቢ ናቸው። ሦስተኛው ላይ ረጅም ጊዜ ቆየሁ።

በአዲሱ ዕቅድ ባፕን በሁለት የተለያየ ጊዜ ይጀመራል፤ ዕጢው ሳይዳሰስ በፊት ለአንዱ ቡድን፣ ከተዳሰሰ በኋላ ለሌላው። ለእያንዳንዷ አይጥ በመርፌ እንጂ በጋራ ጠርሙስ አይደለም።

ሚያዝያ 12፣ እሑድ፣ ፋሲካ

ዘንድሮ ከፈረንጆቹ ጋር አንድ ቀን ዋለ። ሌሊቱን ፍራንክፈርት ቤተ ክርስቲያን ቆሜ አደርኩ፤ እግሬ የራሴ አይመስለኝም። ዶሮ።

ገበታው ላይ እንደተለመደው። "ዶክተርዬ፣ መድኃኒቱን መቼ ነው የምታወጡልን?" ሳቅኩ። ሌላ መልስ አዘጋጅቼ አላውቅም።

ከጎኔ የተቀመጡት እህታችን ማንሃይም ሆስፒታል ነርስ ናቸው። ድሮ አገር ቤት ሠርተዋል። የዳቦውን ቁራሽ በእጃቸው ይዘው ዝቅ ባለ ድምፅ ነገሩኝ፤ እዚያ ብዙዎቹ ሴቶች ሲመጡ ጡቱ ቆስሎ ነው፤ እሳቸው ያጠቡ ነበር፤ በየቀኑ ቢታጠብም አይገጥምም። "ቁስል ነው ብዬ ነበር የማስበው፤ መግጠም ያቃተው ቁስል።"

ሃሮልድ ድቮራክ እ.ኤ.አ. በ1986 ይህንኑ ጻፈ፤ ዕጢ የማይድን ቁስል ነው። ደም ሥሩ ያፈስሳል፣ ፋይብሪን ይረጋል፣ ፋይብሮብላስት ይመጣል፣ ኮላጅን ይሠራል፤ ልክ ቁስል ሲያገግም እንደሚሆነው፣ ማብቂያው ብቻ የለውም። ነገርኳቸው። አልገረማቸውም። "ያጠበው ሰው ያውቀዋል" አሉና ዳቦውን ጎረሱ።

ሚያዝያ 15፣ ረቡዕ

ሞቅ ብሏል። ኔካር ዳር ሣሩ ላይ ሰው ተነጥፏል።

የእትዬ ውጤት መጣ። ተቀባይ አለው። ልጃቸው "ጥሩ ነው አይደል?" አለች። ጥሩ ነው አልኳት፤ ከኬሞው በኋላ ክኒን አለ፣ ለዓመታት የሚዋጥ፣ እንዳያቋርጡ። ጡታቸው ይነሳል ተብሎ ቀጠሮ ተይዟል። ስለ ጡቱ ምንም አልተናገርኩም። ስለ ሳንባ ከእሷ ይልቅ እኔ እንዳላስብ ነው የፈራሁት።

ተማሪው ሊመረቅ ነው፤ መሳቢያዎቹን ሲያጸዳ የሰም ብሎኮች ይዞ መጣ። የብብት ሊምፍ ኖዶች። የካቲት 20 ላይ ከሁሉም አይጦች ሰብስበን በሰም አስቀምጠናቸዋል፤ በዕቅዱ ስላልነበሩ ማንም አልቆረጣቸውም።

"ወደ ነጮቹ ሳንባዎች ሴሎቹ በደም ነው የሄዱት ወይስ በሊምፍ?" አለኝ።

በደም ነው ብዬ ነበር ሁሉንም የገነባሁት፤ ክፍት በሩንም፣ አዲሱን ዕቅድም። በሊምፍ ከሆነ ማይክሮስኮፑ ላይ ያየሁት ክፍት ክብ ሁሉ ሌላ ነገር ነው።

የመቁረጫ ማሽኑን ለነገ ጠዋት 2 ሰዓት አስያዝኩ። ተማሪውም ይመጣል፤ ኮዱን ይዛ የምትቀመጠው ግን ጣሊያኗ ናት።